ዳሌዬ አላስቀምጥ ያለኝ ጊዜ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ልጆቼን ያረገዝኳቸው ቆሜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መርካቶ፣ በርበሬ ተራ መደብ ነበረኝ። ጠዋት ጆንያውን ፈትቼ ዛላውን ከዘረጋሁ በኋላ እስኪመሽ ከወዲያ ወዲህ ስል ነው የምውለው። አንድ ዱካ፣ ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ ነበረችኝ፤ እሷም ለምሳ ሰዓት ብቻ ነበረች። ባሌ «አንቺን ሲፈጥርሽ መቀመጫ መስጠት ረስቷል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። የሦስተኛው ልጄ ምጥ የጀመረኝ ለአንዲት ደንበኛዬ በርበሬ ስመዝንላት ነው። መዝኜ ጨርሼ፣ ጆንያውን አስሬ፣ በእግሬ ቤቴ ድረስ ሄጄ ወለድኩት። ይህን ለሰው ባወራሁ ቁጥር ደረቴን እነፋ ነበር።

አራተኛ ልጄን ሳረግዝ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

መስቀል አልፎ አምስተኛ ወሬን ልጨርስ ስል ነው። አንድ ጠዋት ከቤት ልወጣ የበሩን ደፍ ለመሻገር ቀኝ እግሬን ሳነሳ፣ ከጭኖቼ መካከል፣ ከፊት በኩል ካለው አጥንት ላይ አንድ ነገር ቋ አለ። ድምፁን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ተከትሎ እንደ ስለት ያለ ሕመም ወደ ብሽሽቴ ወረደ። በሩን ጨብጬ ቀረሁ፤ ወደፊትም ወደኋላም መራመድ አቃተኝ። ትንሽ ቆይቶ ሲለቀኝ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ከዚያ በኋላማ እንደ ፈለገ ይወጣል ይገባል። ሦስት ቀን ይዞኝ ይሰነብትና ሳምንት ይጠፋል፤ ተገላገልኩ ስል ይመጣል። ጫማዬን ቆሜ ማጥለቅ አልችልም። ዳገት አያስወጣኝም። አልጋ ላይ ከጎን ወደ ጎን መገላበጥ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ፤ ትንፋሼን ውጬ፣ የአልጋውን ብረት ይዤ፣ መጀመሪያ ትከሻዬን ከዚያ ወገቤን በየተራ ነው የማዞረው። ስቀመጥ ልነሳ ይለኛል፤ ስነሳ ልቀመጥ። አንድ እግሬ ላይ አጋድላለሁ፣ እሱ ሲያመኝ ወደ ሌላው። ዱካዋን ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሳመላልሳት እውልና ሳልቀመጥባት ይመሻል።

በጣም የሚጎዱኝ ሕመም የሌለባቸው ቀናት መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ተሻለኝ ባልኩ ቀን የሦስቱን ቀን ሥራ በአንድ ቀን ልጨርስ እሮጣለሁ። ጆንያ እጎትታለሁ፣ መሳለሚያ ድረስ ሄጄ ጭነት እቀበላለሁ፣ ማታ ቤት ገብቼ የልጆቹን ልብስ አጥባለሁ። በማግስቱ ከአልጋ መውረድ ያቅተኛል። ያኔ ግን ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም። ሕመሙ በራሱ ፈቃድ የሚመጣና የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ወቅቱም አላገዘኝም። ከጥቅምት ጀምሮ አዲሱ በርበሬ ከየአገሩ ይገባል፤ የከተማው ሴት ሁሉ የዓመቱን ልትገዛ ትመጣለች። በዚያ ላይ ማስነጠስ ጀመርኩ። ስምንት ዓመት በርበሬ መካከል ስውል አፍንጫዬ ለምዶ ነበር፤ በዚያ እርግዝና ግን እንደ እንግዳ ሰው አፍንጫ ሆነ። ሊያስነጥሰኝ ሲል ይታወቀኛል። የያዝኩትን ጥዬ፣ ጉልበቶቼን ገጥሜ፣ ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ እጠብቃለሁ። ሲመጣ አጥንቴ ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስለኛል። «ይማርሽ!» ይሉኛል፤ «ያኑራችሁ» እላለሁ እንባዬ እየወረደ። እንባውን የበርበሬ ነው ብለው ያልፉታል። ተመቸኝ።

ከጎኔ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትሸጥ የስልጤ ሴት ነበረች። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ነግደናል፤ እሷን ማታለል አልቻልኩም።

«ዛሬ ደግሞ እንደ ዳክዬ ነው የምትሄጂው» አለችኝ አንድ ቀን።

«ደክሞኝ ነው።»

«ወላሂ፣ ድካም እንዲህ አያስኬድም። ሐኪም ቤት ሂጂ።»

«ለዚህ ብዬ? ሦስት ወልጃለሁ እኮ።»

«ሦስቱን ስትወልጂ አይቻለሁ። አንዱንም እንዲህ ሆነሽ አልያዝሽውም።»

ሣቅሁባትና ወደ ሚዛኔ ዞርኩ። በጃንሆይ ጊዜ እንደ እኔ ያለች ሴት ሐኪም ቤት የምትሄደው ነፍሷ ልትወጣ ስትል ነው። ከዚህም ሌላ ውስጤ የተደበቀ ፍርሃት ነበር። አጥንቴ እየተከፈተ ልጁ ያለ ጊዜው ሊወርድ መንገድ ጀምሮ ይሆን? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከአፌ ከወጣ የሚሆን መሰለኝ። ራጉኤልን ተሳልሜ በማልፍበት ጠዋት ሁሉ «ሕመሙን ተወው፣ ብቻ ልጁን ያዝልኝ» እል ነበር።

ኅዳር ላይ ሲብስብኝ አንዲት ደንበኛዬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለች ወጌሻ ጠቆመችኝ። ሄድኩ። ሴትዮዋ ቅቤ ቀብታ ዳሌዬን ዳሰሰችና «ወልቋል፤ አሁን እመልስልሻለሁ» አለች። ቁርጭምጭሚትና ክንድ ስትመልስ ጎበዝ እንደነበረች አልክድም። የእኔ ግን ውልቃት አልነበረም። ጉልበቶቼን ይዛ ግራና ቀኝ ስትከፍታቸው የጮኽኩት ጩኸት መንገድ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ ሰዎች በሩን ከፍተው ገቡ። ከዚያ ቤት ተደግፌ ወጣሁ። በጋሪ ስመለስ ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር የነጠላዬን ጠርዝ እነክስ ነበር።

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከጅማ ቡና ጭኖ ሲመለስ አልጋ ላይ አገኘኝ። እኔ ከሥራ ቀርቼ አይቶ ስለማያውቅ ኮፍያውን ሳያወልቅ ብዙ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ሳይነግረኝ መንዝ ላሉት እናቱ መልእክት ላከ።

አማቴ ለሦስቱም ልጆቼ የመጡት መውለጃዬ ሲደርስ ነበር። አሁን ሁለት ወር ቀድመው ከተፍ አሉ። ዘጠኝ ወልደው ሰባት ያሳደጉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። እወዳቸው ነበር ለማለት አልደፍርም፤ እፈራቸው ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ ገና ከበሩ።

«ምንም አልሆንኩም፣ እማማ። ትንሽ ወገቤን ነው።»

«እርግዝና በሽታ አይደለም» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ። «እኔ አጨዳ ላይ ሆኜ ነው ምጥ የያዘኝ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ በእሳቸው ፊት ማነከስ አፈርኩ። በማግስቱ ጥርሴን ነክሼ መደቤ ላይ ወጣሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ እሳቸው ሲያዩኝ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ ሲዞሩ ግድግዳ እደገፋለሁ። ዕቃ ረስቼ የተመለስኩ መስዬ መንገድ ላይ እቆማለሁ። ልቤ አንድ ቦታ አላርፍ አለ፤ ልጆቹ ላይ እጮኻለሁ፣ ወጡን አሳርራለሁ፣ ቆጥሬ የጨረስኩትን ጆንያ እንደገና እቆጥራለሁ።

አንድ ማለዳ አማቴ ኪዳን ሊያደርሱ ራጉኤል ሄደው ሳለ ሽንቴ መጣ። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው፣ ለስድስት ቤት የጋራ። ደጃፌ ላይ አንድ እርምጃ ስራመድ እግሬ እምቢ አለኝ። ሌላውን ልሞክር አልኩ፤ እሱም እምቢ አለ። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም። ተንበርክኬ በእጄና በጉልበቴ መሄድ ጀመርኩ። ሆዴ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ግማሽ መንገድ ደርሼ ቀና ስል አማቴ የግቢው በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

ቁጣቸውን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መጥተው ነጠላቸውን አወለቁና አጠገቤ ተንበረከኩ።

«እጅሽን አንገቴ ላይ ጠምጥሚ። እግርሽን አታራርቂ። ጉልበትሽን ገጥመሽ፣ በአንድ ላይ ተነሺ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ተነሣሁ። እስከ ሽንት ቤቱ በር አደረሱኝ፣ ጠበቁኝ፣ መልሰው አልጋዬ ላይ አስቀመጡኝ። እንዴት ይህን አወቁ ብዬ ገረመኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

«ከመስቀል ወዲህ።»

«ይመጣል ይሄዳል?»

«አዎ።»

«ስትገላበጪስ?»

«እሱ ነው የሚብሰው፣ እማማ።»

አጠገቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በመጨረሻው ልጄ ጊዜ እኔም እንዲሁ ሆኛለሁ» አሉ። «ውኃ ቀድቼ ከወንዙ ስመለስ ዳገቱን የወጣሁት በእንብርክክ ነው። እንስራዬን ወደፊት ገፋ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እከተለዋለሁ። አማቴ አይተውኝ ከሥራ ለመሸሽ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ተናግሬው አላውቅም።»

«የመጨረሻው ልጅዎ...» አልኩ።

«ባልሽ ነው። እሱም አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን እርግዝና በሽታ አይደለም አሉኝ?»

«የተባልኩትን ነዋ ያልኩሽ!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ሸፍነው ሲያለቅሱ አየኋቸው። ብዙም አልቆዩ። ዓይናቸውን ጠርገው «ተነሺ፣ ጫማሽን ላጥልቅልሽ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አሉ።

በታክሲ ሄድን። ተራ ስንጠብቅ አንድም ጊዜ ቁጭ ማለት አልቻልኩም፤ ኮሪደሩን ግድግዳ ይዤ ስመላለስ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ከእኔ ጋር ያመላልሱ ነበር። የተቀበለችን አዋላጅ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በነጭ ጨርቅ የሸፈነች፣ ንግግሯ የተረጋጋ። ፍርሃቴን ያን ጊዜ አወጣሁት።

«ልጁ ሊወርድ ነው?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀንድ የመሰለች የእንጨት መስሚያ ሆዴ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደገፈችበት።

«ልቡ ደኅና ይመታል» አለች ቀና ብላ። «አይወርድም። ሰውነትሽ ለወሊድ ሲዘጋጅ የዳሌሽን መጋጠሚያ ያላላዋል። የአንቺ ከልክ በላይ ላልቶ ነው አጥንቱ የሚንቀሳቀሰው። ቋ የሚለው እሱ ነው።»

«መድኃኒት አለው?»

«ከወለድሽ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቅሻል። እስከዚያ ልናስታግስልሽ እንጂ ልናጠፋልሽ አንችልም።»

ከዚያ አንድ በአንድ አሳየችኝ። ከአልጋ ስወርድ ጉልበቶቼ እንደ ተሰፉ ሆነው አንድ ላይ እንዲዞሩ፤ ልብስም ጫማም ተቀምጬ እንዳጠልቅ፤ ስተኛ በጉልበቶቼ መካከል ትራስ እንዳደርግ፤ ደረጃ ሲሆን አንድ እግሬን አስቀድሜ ሌላውን እዚያው እንዳደርስ። ጆንያ ጨርሶ ክልክል። ወጌሻዋ ያደረገችውን ስነግራት ፊቷን አጨማደደች። «ማንም እንዲህ አድርጎ እግርሽን እንዳይከፍት። ስትወልጂም ለሚያዋልድሽ ይነገር።»

«እኔ እነግራለሁ» አሉ አማቴ።

ልንወጣ ስንል አዋላጇ እጄን ያዘችኝ። «ዋናውን ልንገርሽ። የሚጥልሽ የሚሻልሽ ቀን ነው። ደኅና ነኝ ባልሽ ቀን አትሩጪ።»

ምን ያህል ጊዜ በዚያ ወጥመድ እንደወደቅሁ ሳስብ ሣቄ መጣ። ያቺ ልጅ መደቤ ላይ ቆማ ያየችኝ መሰለኝ።

ቤት ስንደርስ አማቴ የራሳቸውን መቀነት ከወገባቸው ፈትተው፣ ከሆዴ በታች ዝቅ አድርገው ዳሌዬን ዙሪያውን ጠበቅ አድርገው አሰሩልኝ። ተነሥቼ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄድኩ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን የተበታተነው አካሌ ተሰብስቦ የተመለሰልኝ መሰለኝ።

በማግስቱ አማቴ በርበሬ ተራ ወጡ። እኔ ቤት ቀረሁ። ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አልጋው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሁሉ ወደ እኔ ደንበኞች የሚሄድ ይመስለኛል። ማታ የስልጤዋ ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ መጥታ «አማትሽ ዋጋ አይቀንሱም» አለችኝ እየሣቀች። «ሰው ሲከራከራቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰዉ ደግሞ ተከትሎ ዞሮ ይገዛል!» ይህን ሰምቼ መተኛት አልቻልኩም። በአራተኛው ቀን መቀነቴን አስሬ ወጣሁ፤ ራጉኤል ሳልደርስ ያዘኝና ሁለት ሴቶች ደግፈው መለሱኝ።

ባሌ ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። መሳለሚያ ካለ ጋራዥ የአሮጌ የጭነት መኪና ወንበር አስፈትቶ አመጣ፤ ሞላው ገና ያልላላ፣ ቆዳው ተቀዶ በማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ። ከመደቤ ኋላ በእንጨት ላይ ከፍ አድርጎ ተከለው።

«ቤት መቀመጥ ካልቻልሽ እዚህ ተቀመጪ» አለኝ። «ስትቀመጪም ስትነሺም አያጎነብስሽም።»

እውነቱን ነው፤ ዱካዋ ላይ ጉልበቴ ደረቴን ሊነካ ይደርስ ነበር፣ ይህ ግን ደግፎ ይይዘኛል። ተራው ሁሉ መዝናኛ አገኘ። «እትዬ፣ ወዴት ነው ጉዞው? ጅማ ከሆነ ይዘውን ይሂዱ!» ይሉኛል። አማቴ ይመዝናሉ፣ እኔ ከላይ ሆኜ እናገራለሁ። እጄ ግን ይበላኛል። ጎንበስ ብዬ ዛላ ላነሣ ስል አማቴ ሳይዞሩ እጄን ይመቱኛል።

የገና በዓል ሊደርስ አሥር ቀን ያህል ሲቀረው ተሻለኝ። አንድ ሙሉ ሳምንት ምንም አላመመኝም። አማቴ ለአፍታ ዞር ሲሉ ፀሐይ ላይ የነበረ አንድ ጆንያ ወደ ጥላው ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ላስጠጋ ብዬ ጎተትኩ። ምንም አልተሰማኝም። ኮራሁ። ስልጤዋ አየችኝ።

«አትንገሪያቸው» አልኳት።

«እነግራቸዋለሁ እንጂ! ምን ዓይነት ሴት ነሽ አንቺ?»

መንገርም አላስፈለጋት። በማግስቱ ከአልጋ አልወረድኩም። አራት ቀን ተኛሁ፤ የገናን በዓል ትራስ በጉልበቴ መካከል አድርጌ፣ ልጆቼ በር ላይ ሲጫወቱ እየሰማሁ አሳለፍኩ። አማቴ ሾርባ ሲያጠጡኝ ዓይኔን አላዩም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

ጥምቀት አልፎ ምጥ መጣ። ሐኪም ቤት ስደርስ ያቺ አዋላጅ ሌላ ሴት ታዋልድ ነበር። አንዲት ነርስ በጀርባዬ አስተኝታ እግሮቼን ልታነሣ ስትል ከበሩ ላይ «አይሆንም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አማቴ ናቸው። «እግሯን አትክፈቱት! የዳሌዋ አጥንት የላላ ነው፤ የገዛ አዋላጃችሁ ነው ያለችው!» እንዲወጡ ቢነገራቸው በሩን ይዘው ቀሩ። ጩኸቱን ሰምታ አዋላጇ መጣች። በግራ ጎኔ አስተኛችኝና «እናቴ፣ ይግቡ፤ ላይኛውን እግር ይያዙልኝ፣ እንዳያርቁት» አለቻቸው። እንዲያ ሆኜ፣ እግሬን አማቴ ደረታቸው ላይ አቅፈውት፣ ሴት ልጅ ወለድኩ።

በማግስቱ ወደ ቤት ተመለስን፤ ባሌም ከመንገድ ገባ። ሕፃኗን አቅፎ ሲስቅ አማቴ ድንገት «አንተንም እንዲህ ሆኜ ነው የያዝኩህ» አሉት፤ የወንዙንም፣ የእንስራውንም ነገሩት። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ባሌ ልጅቷን አጠገቤ አስተኛና ወጣ። ተቆጣ ብዬ ደነገጥኩ። ውኃ አሙቆ፣ በሳህን ይዞ ገባና ተንበርክኮ የእናቱን እግር አጠበ። «ተው፣ ምን ሆነሃል» ቢሉም እግራቸውን አልሰበሰቡም።

ሕመሙ በወለድኩ ዕለት የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። አልጠፋም። ለልጅቷ ክርስትና ስሄድ እንኳ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ በጎን ነው የወጣሁት። አማቴ ለዘር ጊዜ አገራቸው ሲገቡ ገና አነክስ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን፣ መቼ እንደሆነ ልብ ሳልል፣ ከአልጋዬ ሳያመኝ ተገላብጬ መነሣቴን ያወቅሁት ቡና ስቆላ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ አምስተኛ ልጄን ሳረግዝ ሕመሙ በአራተኛው ወር መጣ። ያን ጊዜ አልጠበቅሁም፤ በዚያው ሳምንት አዋላጇ ዘንድ ሄድኩ። ጆንያውን የሚጎትትልኝ ሰው ያዝኩ። ደኅና በሆንኩ ቀን እቀመጣለሁ እላለሁ፤ አንዳንዴ እቀመጣለሁ፣ አንዳንዴ፣ አልዋሽም፣ እሮጣለሁ፣ በማግስቱም እተኛለሁ። አማቴ አርጅተው መምጣት አልቻሉም። ከመንዝ በመጣ ሰው እጅ አንድ አዲስ መቀነት ላኩልኝ፤ ሰፊ፣ ድርብ፣ ራሳቸው የፈተሉት። «ዝቅ አድርጋ ትሰር በላት» ብለውት ነበር፤ ሰውየው ትርጉሙ ሳይገባው አፍሮ ወደ መሬት እያየ ነገረኝ።